እንጦጦ ማርያምን ማን፣ በምን፣ በየትኛው እጅ አነሳት?

እንጦጦ ማርያም ሄዳችሁ ከሆነ ይሄን ሳታደርጉ አልተመለሳችሁም፦ ከታክሲ ወርዳችሁ ትንፋሻችሁን ሰበሰባችሁ (ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ማለክለክ ያለ ነው)፣ ስልካችሁን ከኪስ አወጣችሁ፣ ወደ ስምንት ማዕዘኗ ቤተ ክርስቲያን አዞራችሁና ስክሪኑን ነካ አደረጋችሁ። በቃ፣ አለቀ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዚያች ቅጽበት ካሜራው የት ነበር? እጃችሁ ላይ። መልሱ ልጅ እንኳ የማይስተው ይመስላል። ግን ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ይፋ ከሆነ በኋላ፣ ካሜራ ተራ ሰው እጅ ላይ እስኪወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ወደ እኛ አገር ሲመጣም መጀመሪያ የመጣው በእጅ ሳይሆን በበቅሎ ጀርባ ነው። ይሄ ልዩነት ደግሞ ዛሬ ስለ አያቶቻችን ምን እንደምናውቅና ምን እንደማናውቅ ወስኗል። ፎቶ ላይ ማን አለ? ማን የለም? ማንስ ሳይጠየቅ ተነሳ?

እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ (አዎ፣ አሁንም ተማሪ፤ ድኅረ ምረቃ የሚሉት ነገር አያልቅም)። ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በአንድ የተበላሸ ፎቶ ነው። አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እንጦጦ ማርያም ውስጥ የግድግዳውን ሥዕል ለማንሳት ፈልጌ አንድ አባት አስፈቀድኩ። «ያ ብልጭ የሚለውን ካላበራህ አንሳ ልጄ» አሉኝ። ከጓደኛዬ የተዋስኩት አሮጌ ካሜራ ነበር። ዓይኔ ላይ ደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩት። ሽሮ ሜዳ ወርጄ ሻይ እየጠጣሁ ሳየው የመልአኩ ፊት ሁለት ሆኗል። መልአኩ አልተንቀሳቀሰም፤ እጄ ነው።

ታዲያ ምሕንድስና የተማረ ሰው ሲናደድ ምን ያደርጋል? ያሰላል።

ነገሩን በባልዲ አስቡት። ብርሃን ውሃ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ቧንቧው ነው፤ ሰፋ ሲል ብዙ ያፈሳል። መዝጊያው ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ቧንቧውን ከፍታችሁ የምትቆሙበት ጊዜ ነው። የፊልሙ ወይም የሴንሰሩ ንቃት (አይኤስኦ የሚባለው ቁጥር) ደግሞ የባልዲው ልክ ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ባልዲው ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ፎቶ ማለት ባልዲውን በልኩ መሙላት ነው። ከሞላ በኋላ ቢቀጥል ይፈሳል፣ ፎቶው ነጭ ይሆናል። ካልሞላ ይጨልማል።

እጃችን ግን ባልዲውን ቀጥ አድርጎ አይዝም። ጤነኛ ሰው እጁን ዘርግቶ «አልንቀጠቀጥም» ብሎ ቢምል እንኳ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፤ ሌንስ ያየዋል። ፎቶ አንሺዎች ከልምድ ያገኙት አንድ ሕግ አለ፦ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ መዝጊያው ከሃምሳኛ ሰከንድ በላይ አይከፈት። ለ200 ሚሊ ሜትር ከሁለት መቶኛ ሰከንድ በላይ አይከፈት። ከዚያ ካለፈ የእጅ መርገብገብ ፎቶው ላይ ይታያል።

እኔ ያነሳሁበት ቦታ ላይ ያለውን ብርሃን በሌላ ቀን በስልኬ ለካሁት፤ 20 ሉክስ ገደማ ነበር። ቢሮ ውስጥ የለመድነው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በ20 ሉክስ፣ ሌንሱን እስከ 2 ድረስ ከፍቶ፣ አይኤስኦ 100 ላይ የሚያስፈልገው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው። ቁጥሩን 100 ላይ ረስቼው ኖሯል! 1600 ላይ ባደርገው ኖሮ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ሰከንድ ይበቃኝ ነበር፣ ግድግዳ ተደግፌ ላተርፈው እችል ነበር። ስንፍናዬን እዚህ ላይ አምኜ ልለፍ።

አሁን ግን ጨዋታው ይጀምራል። ይሄንኑ ስሌት ወደ ኋላ፣ ወደ መጀመሪያዎቹ ካሜራዎች ብንወስደውስ?

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። ሥራቸው የቱሪስት አልነበረም። በዋናነት ካርታና ንድፍ በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ነው፤ በመንገድ ላይ ግን ተራራውን፣ ሰፈሩን፣ ሰዉን አነሱ። የሚሠሩበት ዘዴ «እርጥብ ኮሎዲየን» ይባላል። መስታወት ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባል፣ ብር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፣ እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ ይነሳል፣ ሳይደርቅ እዚያው ድንኳን ውስጥ በጨለማ ይታጠባል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ነው ያለህ። ከደረቀ ሞቷል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ መስታወቱን፣ ጠርሙሱን፣ ውሃውን፣ ጨለማ ድንኳኑን ሁሉ ጭኖ ነው ተራራ የሚወጣው።

ንቃቱ በዛሬ ቁጥር ግማሽ ገደማ ነው። አይኤስኦ 0.5 በሉት፤ ከእኔ የተረሳ 100 እንኳ በ200 እጥፍ ያነሰ። በጠራራ ፀሐይ ሌንሱን ወደ 8 ከፍተህ ግማሽ ሰከንድ ያስፈልግሃል። ግማሽ ሰከንድ በእጅ አይያዝም። እሺ፣ እንጦጦ ማርያም ውስጥ ባለው ብርሃንስ? አሰላሁት፦ 27 ደቂቃ ገደማ። መስታወቱ ግን ከዚያ በፊት ደርቋል። በዚያ ላይ ኮሎዲየን የሚያየው ሰማያዊውንና ከሰማያዊ በታች ያለውን ብርሃን ብቻ ነው፤ የጧፍ ቢጫ ብርሃን ለሱ ጨለማ ነው። ስለዚህ በ1868 እንዲህ ባለ የቤተ መቅደስ ውስጥ ቅዳሴውን፣ ማኅሌቱን፣ ሰዉን በዚያ መሣሪያ ማንሳት «ይከብዳል» ሳይሆን አይቻልም ነበር። የዚያ ዘመን ፎቶዎች ውጭ ውጭውን፣ ድንጋይ ድንጋዩን የሚያሳዩን ያለ ምክንያት አይደለም። የምናየው አንሺው የፈለገውን ብቻ ሳይሆን መስታወቱ የፈቀደውን ነው።

ሰማያዊ ብቻ ማየቱ ሌላም መዘዝ አለው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሦስቱም ይጠቁራሉ፤ ሰማዩ ደግሞ ነጭ ወረቀት ይመስላል። የእኛ የቆዳ ቀለም ቡናማ ነው፤ ቡናማ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያኔ የተነሱ ሰዎች ፊት ከእውነተኛው ይልቅ ጠቁሮ፣ የዓይናቸው ዙሪያና የጉንጫቸው መስመር ጠፍቶ ይታያል። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ «የድሮ ሰው ፊቱ ኮስታራ ነበር» ይላል። ኮስታራው ኬሚካሉ ነው። (ሰከንድ ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ቁም የተባለ ሰው ፈገግታውን ይዞ መቆየት እንደሚቸግረውም አትርሱ።)

አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት የሚታወቅ ፎቶ የለም። የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ግን አለ። በዚያው በ1868 እንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ላይ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ አንስታዋለች። ሰባት ዓመቱ ነበር። እናትና አባቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ያጣ ልጅ፣ በማያውቀው አገር፣ «አትንቀሳቀስ» ተብሎ። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፤ እኔ ስለሱ ብዙ ማለት አልችልም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የመሐንዲስ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኮሎዲየኑን ትቶ ብሩን በጄላቲን ያዘው። ጄላቲን ማለት ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣው፣ ጄሊ ውስጥ የምታገኙት ነገር ነው። ደርቆም ይሠራል። ፋብሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በሳጥን ታሽጎ፣ ከወራት በኋላ ሌላ አገር ይነሳበታል። ንቃቱም ቆይቶ ብዙ እጥፍ ጨመረ። ድንኳኑ ቀረ፣ በቅሎዋ ቀለላት።

እዚህ ላይ ነው የሐረሩ ነጋዴ የሚመጣው። ባለቅኔነቱን ጥሎ ቡናና ቆዳ ይነግድ የነበረው አርተር ራምቦ ከፈረንሳይ የፎቶ ዕቃ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ላይ ራሱን አነሳ። ዛሬ ሰልፊ የምንለውን ማለት ነው፣ ግን በእጁ አልያዘውም። ለቤተሰቦቹ ሲልክላቸው ፎቶዎቹ ነጥተዋል ብሎ፣ ጥፋቱን የሚያጥብበት መጥፎ ውሃ ላይ ጣለ። እውነት ሊኖረው ይችላል። ፎቶ ከወጣ በኋላ ያልተነካውን ብር የሚያስወግድ ጨው ውስጥ ይነከራል፤ ያ ጨው በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ካልወጣ ቀስ እያለ ሥዕሉን ራሱን ይበላዋል። ውሃ ለሚቸግረው ከተማ ይሄ ከባድ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፦ የአንድ ከተማ ታሪክ በፎቶ ይቆይ አይቆይ የሚወስነው የውሃ ጥራት ሆኖ አረፈ።

ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ጠመንጃ ይዞ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ገባ፤ አንኮበር ደርሶ ከዚያ እንጦጦ መጣ። ያኔ እንጦጦ የንጉሡ መቀመጫ ነበረች። በሽያጩ እንዳልተደሰተ የታወቀ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው፦ ካሜራውን ከሁለት ዓመት በፊት ሸጦታል! ካሜራ የነበረው፣ የሚያውቅበት ሰው፣ እንጦጦ ላይ ቆሞ ባዶ እጁን። መሐንዲስ ባልሆን ኖሮ በዚህ ላይ ግጥም እጽፍ ነበር።

እንጦጦ ማርያም በ1880 ዓ.ም. ገደማ ሥራዋ አልቆ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት ናት። ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ጣይቱ ዘውድ ጫኑ። ልብ በሉ፦ ከዚያ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1888፣ አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የሚባል ሳጥን ለገበያ አቅርቦ ነበር። ዋጋው 25 ዶላር፤ 100 ፎቶ የሚያነሳ ጥቅል ፊልም ውስጡ ገብቶ የሚሸጥ፤ በእጅ የሚያዝ። ማያ መስኮት እንኳ አልነበረውም፤ ሳጥኑ አናት ላይ በተሰመረ የ«ቪ» ቅርጽ መስመር ገምተህ ታነጣጥራለህ። መዝጊያው ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ከላይ ያለውን ሕግ ካስታወሳችሁ ሌንሱ 57 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ፎቶው ክብና ትንሽ ስለነበር ብዙም አያስታውቅም። 100ው ሲያልቅ ሳጥኑን እንዳለ ሮቸስተር ወደሚገኘው ፋብሪካ ትልካለህ፣ በ10 ዶላር አጥበው፣ አዲስ ፊልም አስገብተው ይመልሱልሃል።

ይሄን ከእንጦጦ ሆናችሁ አስቡት። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከዚያ በፊት ሳጥኑ በበቅሎና በግመል ሳምንታት ተጉዞ ባሕር ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ሌላ መርከብ። መልሱ ሲመጣ ክረምት አልፎ ይሆናል። ቢሆንም መጡ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ምኒልክ ከተማ የጎረፉት መልእክተኞችና መንገደኞች የጻፏቸው መጻሕፍት በፎቶ የተሞሉ ናቸው። በ1903 መጨረሻ የንግድ ውል ሊፈርም የመጣው አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር ለምሳሌ ከሦስት ዓመት በኋላ ያሳተመው መጽሐፍ ባለ ፎቶ ነው። እነዚህ ሰዎች ከመንገድ ዳር፣ ከበቅሎ ላይ፣ ከገበያ መሃል አነሱ። ትራይፖድ ተክሎ «ቁሙ» የሚል የለም።

በሌላ በኩል ሁሉም እግር አልጣለም። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን አክሱም ሲሄድ፣ አርክቴክቱ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ሐውልቶቹን በትልልቅ መስታወት፣ በትራይፖድ፣ ጊዜ ወስዶ ነው ያነሳቸው። ድንጋይ አይቸኩልም። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬም ለአርኪዮሎጂስቶች ይጠቅማሉ። የእጅ ካሜራ ሰው ለማንሳት ነው የመጣው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

እንዴት? የአዲስ አበባን ፎቶ ቤት ታሪክ እዩት። በምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ከመጡት አርመኖች አንዱ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ወደ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ተላለፈ። እዚያ ዘንድ የሚነሳ ሰው ለብሶ፣ ተሰናድቶ፣ አንገቱን አቅንቶ ነው። በኋላ በየሰፈሩ የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም እንዲሁ። አያቶቻችሁ ጋ ያለውን አልበም ግለጡ፦ የተሳለ መጋረጃ፣ የላስቲክ አበባ፣ የተዋሱት ኮት፣ አንድ እጅ ወንበሩ ላይ። ሰው ይስቅበታል። ግን በዚያ ፎቶ ላይ የሚታየውን የመረጠው ማነው? ተነሺው ነው።

የእጅ ካሜራ ይሄን ምርጫ ከተነሺው ወስዶ ለአንሺው ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበው ላይካ፣ በሲኒማ ፊልም የሚሠራ፣ ኪስ የሚገባ ካሜራ ሲሆን ነገሩን አፈጠነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በ1935፣ አልፍሬድ አይዘንስታት ላይካውን ይዞ ኢትዮጵያ መጣ። ካነሳቸው ሁሉ ዓለም የሚያስታውሰው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። እግር ብቻ። የተሰነጣጠቀ ተረከዝ። ኃይለኛ ፎቶ መሆኑን አልክድም፤ ግን ያ ወታደር ፎቶ ቤት ቢሄድ ኖሮ እግሩን አንሱልኝ አይልም ነበር።

ይሁንና ሚዛኑ በአንድ በኩል ብቻ አይደፋም። የወረራው ዘመን የጣሊያን ወታደሮች ኪሳቸው ውስጥ ትንንሽ ካሜራ ነበራቸው፤ የሠሩትን ግፍ ራሳቸው ለማስታወሻ ብለው አነሱ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጋር የተያያዙትን ጨምሮ እነዚያ ፎቶዎች ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባሳተመው የጦር ወንጀል ማስረጃ ውስጥ ገቡ። ማንም ትራይፖድ ተክሎ የማያነሳውን የእጅ ካሜራ አነሳው፣ ካሜራውም በባለቤቱ ላይ መሰከረ።

ወደ እንጦጦ ልመለስ። ባለፈው ዓመት፣ ከማርያም ወደ ታች በሚወስደው መንገድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናት አየሁ። ሸክሙ ከእሳቸው ይረዝማል። ብርሃኑ ያምራል፣ አቧራው ወርቅ መስሏል፣ እጄ ሳላስበው ስልኩን አወጣ። አነሳሁ። አዩኝ። ሮጬ ሄጄ «እማማ ይቅርታ፣ ሳልጠይቅዎት ነው ያነሳሁዎት» አልኳቸው። አልተቆጡም። «አሁን ይሄ ምን ይሆንሃል ልጄ?» አሉ፤ ቀጥለው «ግድ የለም፣ ሸክሜን ላውርድና አንሳኝ» አሉኝ።

አወረዱ። ነጠላቸውን ፈትተው አራግፈው ደግመው አጣፉት። ፊታቸውን በጫፉ ጠረጉ። ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እጃቸውን አጣምረው። ያ ፎቶ ቤት፣ መጋረጃ የሌለው። የመጀመሪያውን ፎቶ እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። ሲያጠፋ እንዴት እንደሆነ አሳየኝ ብለው አዩ።

እነዚህ እናቶች የሚሸከሙት ባሕር ዛፍ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። ዛፉ የመጣው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው፣ የአዲስ አበባ የማገዶ ችግር ከተማዋን ሊያስነቅላት ሲቃረብ። ስለዚህ አንድ የድሮ የእንጦጦ ፎቶ አግኝታችሁ ተራራው መላጣ ከሆነ አንድ ነገር ገመታችሁ ማለት ነው፤ በባሕር ዛፍ ከተሸፈነ ሌላ። በነገራችን ላይ፣ የድሮ ፎቶዎቻችን ትልቁ በሽታ ቀን የሌላቸው መሆኑ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ1996 የኢትዮጵያን የጥንት ፎቶዎች በአንድ መጽሐፍ ሰብስበዋል፤ ስንት ልፋት እንደጠየቀ ገጾቹን ያገላበጠ ይረዳዋል። በየቤቱ ያለው ግን ገና ነው።

ቀን የሌለውን ፎቶ ለማወቅ መሐንዲስ የሚወደው አንድ ዘዴ አለ፦ ጥላ። እንጦጦ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ከሚያዝያ 6 ገደማ እስከ ነሐሴ 23 ገደማ እኩለ ቀን ላይ በስተ ሰሜናችን ታልፋለች፤ በቀሪው ዓመት በስተ ደቡብ። እኩለ ቀን ስል ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ሰዓታችን ከፀሐይ ትንሽ ስለሚቀድም። ቁመታችሁ 1.70 ሜትር ከሆነ በሰኔ አጋማሽ ያ ሰዓት ላይ ጥላችሁ 44 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ደቡብ ይተኛል፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ 1 ሜትር ከ8 ሆኖ ወደ ሰሜን። እንግዲህ በአንድ አሮጌ ፎቶ ላይ የሰው ጥላ አጭር ሆኖ ወደ ደቡብ ከወደቀ ዓመቱን ባታውቁ እንኳ ወሩን አጠበባችሁ።

ይሄው ስሌት ለእናንተም ይሠራል። ከእንጦጦ ቁልቁል አዲስ አበባን ስታነሱ የምታዩት ወደ ደቡብ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ከፊታችሁ በኩል ናት፤ ከተማዋ ጭጋግ ውስጥ የገባች ትመስላለች፣ ስልካችሁን አትውቀሱት። በሰኔ ከጀርባችሁ ናት፤ ብርሃኑ ይስማማል፣ ደመናው ከፈቀደ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ሳትበልጥ አትቀርም፣ አየሩ ይታጠባልና።

የድሮ ፎቶ ምን ይሠራል ለምትሉ፦ ለረጅም ዓመታት ትግራይ ውስጥ የሠራው የቤልጂየሙ የጂኦግራፊ ምሁር ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የ1868ቱን የእንግሊዝ ጦር ፎቶዎች ይዘው፣ አንሺው የቆመበትን ድንጋይ እየፈለጉ፣ ከ140 ዓመት በኋላ ደግመው አነሷቸው። ውጤቱ በ2009 ታተመ። ሁላችንም የሰማነው «ድሮ አገሩ ሁሉ ደን ነበር፣ እኛ ጨረስነው» የሚል ነው አይደል? ፎቶዎቹ ያሳዩት ግን ብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ ከ1868 የተሻለ ዛፍ እንዳላቸው ነው። ያ ወታደር ሲያነሳ ስለ ዛፍ አላሰበም። መስታወቱ ግን መዝግቦታል።

ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ነገር ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ስልካችሁ ውስጥ የእጃችሁን መዞር የሚለካ ጋይሮስኮፕ አለ፤ እጃችሁ ወደ ግራ ሲዞር ሌንሱን ወይም ሴንሰሩን በተቃራኒው ያንቀሳቅሳል። ይሄ የምትይዙበትን ጊዜ ስምንት እጥፍ ገደማ ሊያረዝም ይችላል። ከ26ኛ ሰከንድ ወደ ሦስተኛ ሰከንድ ማለት ነው። ሲመሽ ደግሞ አንድ ፎቶ ሳይሆን ብዙ አንስቶ፣ አስተካክሎ፣ ይደራርባቸዋል። የምሥሉ ግማሽ ሥራ ስሌት ነው። ከማርያም ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው ተራራ ላይ፣ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ የእሱ መሐንዲሶች የሚታገሉትም ከዚሁ ጋር ነው፤ ምድር እየዞረች ኮከቡን ቀጥ አድርጎ መያዝ። እነሱ እጅ ሳይሆን ሞተር ይጠቀማሉ።

ሞተር ለሌለን፦ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፉ፣ ግድግዳ ወይም ዛፍ ተደገፉ፣ ትንፋሻችሁን ካወጣችሁ በኋላ ተጫኑ። 3,000 ሜትር ላይ ወጥታችሁ ልባችሁ እየመታ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ አታብሩ፣ መጀመሪያ አስፈቅዱ። ሰዎችንም እንዲሁ።

የእማማን ፎቶ ሽሮ ሜዳ ፎቶ ቤት አሳጠብኩት። (አሁን ማንም አያጥብም፣ በማሽን ይታተማል፣ ግን «ማሳጠብ» የሚለው ቃል አልሞተም።) ሁለት ቅዳሜ ፈልጌ አጣኋቸው፣ በሦስተኛው እዚያው መታጠፊያ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ አገኘኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አራቀው አዩት፣ አቀረቡት፣ ነጠላው ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። ከዚያ ገለበጡት።

«ቀኑን አልጻፍክበትም እንዴ?» አሉኝ።

እስክሪብቶ አልያዝኩም ነበር። ሻይ ከምትሸጥ ልጅ ተውሼ ጻፍኩላቸው፣ ቀኑንም ቦታውንም። ስማቸውን ራሳቸው ነገሩኝ።